ቤት ያልመታ ስንኝ

ላይፕዚግ፣ የካቲት ወር፤ ትራሙ ያፏጫል፤
የቀረጽሁት እርሳስ ወረቀት ይወጋል።
«እግሩን ቁጠሩለት፣ ባሕሩን ለዩለት፣
ቤት የት እንደመታ ምልክት ስጡለት»
አለን ፍሪድሄልም፣ መነጽሩን እየጠረገ።

ግጥሙ የኑሃ ነው፤ የሞሱል ሴት፣
እዚሁ ከተማ የምትኖር።
ምቱን ባሕር ይሉታል፤ እኛም ባሕር እንላለን፣ ግን ውኃውን።
ስንኙን ቤት ይሉታል፤
እኛ ቤት እንመታለን፣ እነሱ ይገቡበታል።
የጥንቱ ቤት ባለ ሁለት መዝጊያ ነበር፣ ግራና ቀኙ እኩል፤
የኑሃ አንድ መዝጊያ ብቻ፣
እሱም አንዴ ሰፊ፣ አንዴ የድመት መሹለኪያ።

ቆጠርሁ።
ፈዑሉን ፈዑሉን ፈዑሉን ፈዑሉን፤
ቀጥሎ ሦስት፤
ቀጥሎ አንድ፣ ጎኑ ነጭ።
መድረሻው ሁሉ «ር»፦
ዳር (የነሱ ቤት፣ የኛ ጠርዝ)፣
ጃር ጎረቤቱ፣
ነሃር ቀኑ፣
ጉባር አቧራው።
ዘጠነኛው መስመር ግን አንዲት ቃል፦ ወለድ።
ልጅ ማለት ነው።
ፈዑሉን ጅራቱን ተቆርጦ፣ ፈዐል።
በቀይ ጻፍሁ፦ ቤት አልመታም።

ኑሃ አይዘንባን መንገድ ላይ ሱሪ ታሳጥራለች።
«እግር መቁረጥ እንጀራዬ ነው» አለች፣
መርፌውን ከከንፈሯ ሳታወርድ።
ሱሪዬን ምክንያት አድርጌ ወረቀቱን ዘረጋሁ።
ቀዩን አየችው። ምን ይላል?
በቋንቋዬ፣ አልሁ፣ ሲገጥም ቤት መታ ይባላል።
«ቤት? መታ?»
ደግሜ ነገርኋት፤ ባልደግመው ይሻል ነበር።
«የኛም ሰፈር ቤት ተመትቷል» አለች፣
«አንድም የገጠመ ነገር ግን አላየሁ።»
ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።
«ልጅን ከአቧራ ጋር አላጋጥምም።
ለአስተማሪህ እንዲህ በለው።»

ለአስተማሪዬ እንዲህ አላልሁትም።
ቀዩን ፍቄ በነሱ ደንብ ጻፍሁ፤
እግር የሚሠራው ከድንኳን ዕቃ ነውና፣ ከገመድና ከካስማ፦
«በዘጠነኛው ገመዱ ወድቋል።
የቀረው ካስማው ነው።
ድንኳን የለም፤ ካስማው ግን
መሬት እንደያዘ ነው።»

ወረቀቱ ተመለሰ፦ «ምጣኔው ትክክል።
ማጠቃለያ ይጎድለዋል።»

ሱሪው ማክሰኞ ደረሰ።
ለበስሁት፤ ግራ እግሩ ከቀኙ
አንድ ጣት
ያጥራል።