ጉልበት ሲሰላ

የማታ ትምህርት ነው፣ አራት ኪሎ ጀርባ፣
ከካዛንቺስ ዳገት ወጥቼ ስገባ፣
ፀጉሬ ላይ ሲሚንቶ፣ ጫማዬ ላይ ጭቃ፤
«ተማሪ ነሽ?» ይላል የበሩ ጥበቃ።

መምህር ወንድይፍራው ሰሌዳውን ጠርጎ፣
ሦስት ቃል ጻፈበት አንድ በአንድ አድርጎ፦
«ሥራ፣ ጉልበት፣ ኃይል፤ ገበያ ላይ አንድ ነው፣
እዚህ ግን፣» አለን፣ «የየራሱ ልክ አለው።
ሥራ ማለት ግፊት ሲባዛ ነው በተጓዘው ርቀት፤
ካልተንቀሳቀሰ ዜሮ ነው፣ ላብ ቢፈስስም፣ ቢመጣም ሞት።
ግድግዳ ብትገፉ ከጠዋት እስከ ማታ፣
ግድግዳው ካልሄደ፣ በቃ፣ የላችሁም ውለታ።»

እጄን አወጣሁ።
«መምህር፣ እኔና አያንቱ ትናንትና
ባሬላ ተሸክመን፣ ፎርማኑ ስልክ ያወራ ነበርና፣
አራተኛው ፎቅ ላይ ቆምን ሩብ ሰዓት።
ክንዴ ተንቀጠቀጠ። አያንቱ አምስተኛ ወሯ ነው፤ አላት ሌላም ክብደት።
ያ ምንድነው ታዲያ?»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ጠመኔውን እያየ፣
«ለባሬላው ዜሮ ነው፣ ደብሪቱ፤ ለክንድሽ ግን...» ብሎ ቆየ።

ከዚያ ስሌት ገባን፦
ሃያ አምስት ኪሎ፣ ግማሹ ባሬላ፣
አሥራ ስምንት ሜትር፣ ስድስት ፎቅ ሲሰላ፣
ስበቱን በአሥር (ለማቅለል ነው አለን፣ እኛም ሳቅንለት)፣
አራት ሺህ አምስት መቶ ጁል፤ ይኸው የእኔ ጉልበት።
በሦስት ደቂቃ ነው የምወጣው፤ ለሰከንድ ሲካፈል ሃያ አምስት ዋት።
ያቺ ደብዛዛዋ የሽንት ቤት አምፖል ትበልጠኛለች፤ አርባ ናት።
ክሬኑ ሙሉ ባሬላ በአሥር ሰከንድ ያወጣዋል፤
የሁለታችን ሥራ ያው ነው፤ የእሱ ኃይል ግን ዘጠኝ መቶ ዋት ይሆናል።
(ያደግንበትን ቤት የናደው ኤክስካቫተርስ ስንት ዋት ነበር?
አልጠየቅኩም። አርባ ዓመት የቆመውን ከቁርስ በፊት ጨረሰው፣ ከነአጥር።)

ይሄኔ መብራት ሄደ።
«ኃይል ተቋረጠ» አለ አንዱ ከኋላ። ማንም ከወንበሩ አልተነሳ።
ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ሂሳቡ ውስጥ አንድ የተረሳ፦

ራሴን አልደመርኩም።
ኃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ፤ በብረት ሚዛን ተመዝኛለሁ አንድ ቀን ለቀልድ።
ባሬላው ብቻውን አልወጣም፤ እኔም ወጥቻለሁ፣ በዚያው መንገድ።
ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ጁል፣ ከጭነቱ እጥፍ በላይ፣
ራሴን አውጥቻለሁ። ይህ የቀን ሠራተኛ መዝገብ ላይ
የለም።

ስወርድስ? «ስበት ይመልስልሻል» ብሎኝ ነበር መምህሩ፤
የት እንደመለሰው እኔ ነኝ የማውቀው፤ ከቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ሥር ነው ማደሩ።
የምትታጠፈዋም፣ የሚያልቀውም፣ ጉልበት ነው ስማቸው፤
ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው መሆን አለበት ስሙን ያወጣላቸው።

መብራት አልመጣም። ተበተንን። በቤተ መንግሥቱ አጥር ቁልቁል ወረድኩ፤
ቁልቁለት ነጻ ነው ይላሉ፤ እኔ አልተቀበልኩ።
ካዛንቺስ ጨለማ ውስጥ ሕንፃው ቆሟል፤ መስኮት የለው፣ ቀለም የለው።
መምህሩ ለዚህም ስም ነበረው፦
ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነገር፣ ዝም ቢልም፣ እምቅ ጉልበት ይዟል፤
ያወጡትን ሁሉ፣ እስኪወድቅ ድረስ፣ ሳይነካ አኑሮታል።

ቀና አልኩ።
እዚያ ላይ የእኔ አለ፣ ያለ ፊርማ የተቀመጠ።
የአያንቱ አለ። ስም ያልወጣለት የዚያ ልጅም አለ።
ነገ በሊፍት የሚወጡት ወለሉን ሲረግጡ
አያውቁትም።

ፈተናው ቅዳሜ ነው።
ስበቱን በዘጠኝ ነጥብ ስምንት እሠራዋለሁ።
ማቅለል ይቅር።