ጉልበት

አባቴ አኩርሲዮ አርባ ሁለት ዓመት
ሴራሚክ አነጠፈ ተንበርክኮ በሰው ቤት።
በሲሲሊ፣ በሻካ፣ ከወደቡ ጀምሮ
እስከ ዳገቱ ጫፍ ደጅ ለደጅ ዞሮ፣
የባንኩን መግቢያ፣ የሆቴሉን መዋኛ፣
የገዳሙን ማድ ቤት፣ መታጠቢያውን የዳኛ፣
ሁሉንም በጉልበቱ እየዳኸ ለበጠ፤
ሌላው ቀጥ ብሎ ይሂድ ብሎ እሱ ጎበጠ።

ጡረታ ሲወጣ ሐኪሙ ፎቶውን
ብርሃን ላይ ይዞ አየና ጉልበቱን፣
«ከእንግዲህ» አለው «ለጸሎትም ቢሆን
አይንበርከኩ።»
አባቴ ጸሎት አያበዛም፤ ግን ከፋው።

አጎቴ ካሎጄሮ የጡብ ምድጃውን
ከሎሚው ዛፍ አጠገብ ገንብቶ ሲጨርስ፣
ክብ፣ ግራጫ፣ ራሰ በራ፣ ምንም ሳይለብስ፣
«ዝናብ ሳይመጣበት ልበጥልኝ» አለ።
አባቴ ዞረው። አንኳኳው። አጉረመረመ።
«ፒዛ ልትጋግር ነው ወይስ ልትቀድስበት?»
እጁ ግን ከክቡ ላይ ቶሎ አልተነሣም።

አንድ ሙሉ ካሬ ከካርቶን አውጥቶ፣
ማጣበቂያ ቀብቶ ለጠፈው ተጠግቶ።
መሐሉ ነካ እንጂ ዳር ዳሩ ተንሳፈፈ፤
አራቱም ማዕዘን አፉን ከፍቶ ዐረፈ።
ውሃ ልኩን ቢያስደግፍ፣ ያ የታመነ አረፋ
ጥግ ላይ ተለጥፎ ከመስመሩ ጠፋ።
«እዚህ ቀጥ ያለ የለም» አለ ድንገት ስቆ፤
«ክብ የሚታቀፈው ነው ተሰባብሮ፣ ደቅቆ።»

ጋራዡን ከፈትነው። ከየቤቱ የተረፈ
አንዳንድ ሳጥን ሸክላ፣ ስምና ቀን የተጻፈ፣
እስከ ኮርኒሱ ድረስ።
እናቴ «ጣለው» ስትል ስንት ዓመቷ!
እኔ ፒንሳ ይዤ፣ እሱም መዶሻውን፣
በጆንያ ጠቅልለን ሰበርነው ዕድሜውን።
የባንኩ ነጭ፣ የመዋኛው ሰማያዊ፣ የገዳሙ ዳማ
ባልዲ ውስጥ ሲጋጩ ድምፃቸው ተስማማ።

አንዱ ሳጥን ብቻ በገመድ ታስሯል።
«ጠበቃ ሊቦሪዮ፤ ሳሎን፤ አልከፈለም» ይላል።
የወይራ ፍሬ አረንጓዴ፣ ጥፍር የማይቧጥጠው።
አባቴ ጊዜ ወስዶ ገመዱን ፈታው፣
በምድጃው አፍ ዙሪያ፣ ጭሱ በሚተፋበት፣
አንድ በአንድ ሰካካው። «ይጥቆርልኝ» አለ፣ «ይክሰልበት።»

ዐሥራ አንድ ቀን ቆሞ ሠራ፣ ደረቱን አስጠግቶ፣
ሠርግ ላይ እንዳገኛት ወፍራም ዘመድ
ያንን ሆዳም ምድጃ ክንዱ ውስጥ አስገብቶ።
በሕይወቱ አንዴ ሥራው ዓይኑ ፊት መጣለት።
ጣቱ ደማ፤ ስፖንጁ ቀላ፤ ጉልበቱ ግን ዐረፈለት።
ክፍተቱን ሁሉ አሸዋ በሚመስል ቀለም ሞላና
በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፣ የልጅ አፍ እንደሚጠርግ፣
ከዚያም ሦስት ሳምንት ማንንም አላስጠጋም፣
ድመቷን ጨምሮ።

እሳቱን በትንሹ፣ የወይን ቅርንጫፍ አንድ እፍኝ፣
«ምድጃ እንደ አራስ ልጅ ነው፣ ቀስ በል» እያለ ሲመክረኝ፣
በስድስተኛው ቀን ጣ! አለ። ፀጉር የመሰለች መስመር
ከጭስ መውጫው ወረደች እስከ ባንኩ ድንበር።
ማጣበቂያ ይዤ ስሮጥ ያዘኝ በክርኔ፤
«ተዋት፣ ትተንፍስበት፤ ስንጥቅ የለብኝም ወይ እኔ?»

እሁድ ማታ ተሰበሰብን። አጎቴ ታሪኩን ሳያውቅ
ጠበቃውን ጠርቶታል። ከዘራ፣ ነጭ ጫማ፤
ካልጮኹበት አይሰማ።
ሰርዲን ካለበት ፒዛ አራት ቁራሽ በላ፤
ተነሥቶ ዳበሰ አረንጓዴውን በመላ።
«ልክ እንደ ሳሎኔ!» አለ። «ሲያምር! ከየት መጣ?»
ገበታው ዝም አለ። ቢራ የያዘው ቢራውን ያዘ።
አባቴ ጀርባውን ለሙቁ ሸክላ ሰጥቶ
ቆሟል፣ እስከ ክርኑ ዱቄት።

«ከጉልበቴ» አለው።

«ምን አለ?» ብሎ ጠበቃው ወደ እኔ ዞረ።
አምስተኛውን ቁራሽ አቀበልኩት።