ሦስተኛው ቁልፍ

በኮትካ ወደብ ዳር፣ ባሕር በረዶ ሲሆን፣
ታይስቶ ይጠግናል አሮጌ አኮርዲዮን።
ድረ ገጹ ላይ ግን «ሙዚቃ» ብሎ ጻፈ፣
ጉግል የነዳው ሕዝብ በደጁ ጎርፎ አለፈ፤
ነጻ ዘፈን ፈላጊ፣ የሠርግ ባንድ ናፋቂ፣
አንድ ልጅ ከማኒላ፣ የጊታር ዋጋ ጠያቂ።
ዘጠኝ ሺህ እግር ገባ፣ ዘጠኝ ሺህ እግር ወጣ፣
ወንበሩ ላይ ቁጭ ያለ አንድ ሰው ግን ታጣ።

ምራቱ መርቪ ቁጥሩን አይታ ሳቀች።
«አባባ፣ አኮርዲዮኑ የታመመበት ሰው
በውድቅት ብቻውን ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?»

አሰበ። ሠላሳ ዓመት፣ ከባንኮኒው ማዶ፣
ደንበኛ ሲያማርር፣ በኮቱ ላይ በረዶ፣
የሚለውን ቃል ሁሉ ሳይኩል አሰፈረ፦
«በግራ ሦስተኛው ቁልፍ ሲጫኑት እዚያው ይቀራል፤
ሲከፈት ወናፉ እንደ አስመኛ ያፏጫል።»

ጎርፉ ጎደለ። ሰባት ሰው በሳምንት።
ከሰባቱ አምስቱ በዝምታ ወጡ፣ እንደመጡት።

ሐሙስ ከሰዓት ግን፣ ከኢማትራ የመጣች
የአውቶቡስ ሾፌር ሴት ሳጥን ታቅፋ ገባች፤
«ሌሊት የጻፍኩት ቃል ገጽህ ላይ ነው» አለች።

መርቪ «ቁልፍ ቃል» ስትለው ግራ ሲገባው የኖረ
ሽማግሌ ቁልፉን ነካ፤ ተጫነው፤ እዚያው ቀረ።
የወንበሩን አቧራ ጠርጎ ሳበላት፤
«ተቀመጪ» አላት።