የኦስተንዱ ምንጣፍ

ጌንት ላይ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ አላባራም።
ከሊቨን ሳንባ የመጣች፣ ከባቄላ የማትበልጥ ቁራጭ
በመድኃኒት ሟሟች፤ ሥጋው ሁሉ አለቀ፤
ማጣሪያው ላይ ግን አንድ ነገር ደመቀ፤
ቀይ ክር። ናይለን።
ከፀጉር የቀጠነ፣ ቀለሙን ያልለቀቀ።

ከልብሴ የወደቀ መስሎኝ ደነገጥኩ፤
የለበስኩት ግን ነጭ ጥጥ ነው።
ባዶውን ብልቃጥ ደግሜ መረመርኩ፤
ንጹሕ።

ደወልኩለት። ሠላሳ ዓመት ምንጣፍ የሠራው ሰው
“ቀለሙስ?” አለኝ፣ ሳሉ እያቋረጠው።
“ቀይ።”
“ደማቅ? ወይስ የወይን ጠጅ?”
“ደማቅ።”
ሳቀ። “የኦስተንዱ ሆቴል ነዋ! የደረጃው!
ማሽኑ ሁለቴ በጥሶብን ነበር!”
ኩራት ነው መሰለኝ። ዝም አልኩ።

ሆቴሉ ከፈረሰ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤
ምንጣፉ ሊቨን ደረት ውስጥ ተነጥፏል፤
ትንፋሹ፣ በጣቱ ጫፍ፣ ይመላለስበታል።