የቆሮሶ ቅርፊት

ሽምብጥ፣ ሾላው ሥር፣ መኪናዬ ቆማ፣
የቁልፏን ሪሞት ብጫን ዝም አለች ላትሰማ።
አንሙት መካኒኩ «ሦስት መቶ» ቢለኝ፣
ለዚች ለምታክል ነገር! እልህ ያዘኝ።

በጥፍር፣ በቢላ፣ በሳንቲም ጠርዝ ጭምር
ብታገል፣ ቀጭ አለ፤ ተከካ እንደ ምስር።
ውስጡ ያለችውማ፣ አንዲት የቆሮሶ
ቅርፊት የምታህል፣ ጉልበቷ አልቆ ጨርሶ።

«ድንጋይ» ነበር ስሙ፣ በኛ ቤት፣ ያኔ፤
የሬዲዮው ድምፅ ሲሰልል፣ አባቴ
ፀሐይ ላይ ደርድሮ፣ ወገቡን ነክሶ
ዜና ያሰማን ነበር፣ ላንድ ማታ መልሶ።

ከሰዓት ሠሪው ደጅ በሰማንያ የገዛኋትን
አዲሷን አጉርሼ ተጫንኩ።
ጢጥ! ብልጭ አለች፤ ሻላው ደንግጦ
ከዳር ተነሣ፣ ውሃውን ረግጦ።

አሮጌዋን? እንደማትድን አውቃለሁ።
መስኮቱ ላይ ግን፣ ለፀሐይ፣ አስጥቻታለሁ።