የሚስል ሰው

ሌር ከተማ፣ ወንዙ ዳር፣ መጋዘኑ አናት ላይ፣
አርባ ነጭ ስኒ አፉን ከፍቷል ወደ ሰማይ።
ታልኬ በማንኪያዋ ትጨልፋለች፤
በፉጨት ስባ፣ አላምጣ፣ ባልዲው ውስጥ ትተፋለች።
«ይህ አሳም ነው፣ ብቅል ብቅል ይላል፤
ይሄኛው ሲሎን ነው፣ ምላስ ይስላል።»

እኔ ስኒ አጣቢ ነኝ፤ ከእጄ ውሃ አይደርቅም፤
የሻይ ስም አላጠናሁም፣ አፍንጫዬ ግን አይስትም።
አንድ ጠዋት ቤርጋሞቱን፣ ሽታው ደረጃው ድረስ የሚጣራውን፣
«ጥቁር፣ ተራ» ብላ ጻፈች ያንን።
ታኅሣሥ ላይ ጉንፋን ጥሏት ነበረ፤
እሷ ስትነሣ አፍንጫዋ ካልጋው ቀረ።

ምንም አላልኩም። ሳልኩ።
ቀና ብላ አየችኝ። ደግሜ ሳልኩ።

ከዚያ ወዲህ ተግባባን፦
አንድ ሳል ለብርቱካን ልጣጭ፣
ሁለት ለጥድ ጭስ፣ ጉሮሮ መጥረግ ለጽጌረዳ፤
ዝም ካልኩ ጥቁር ነው፤ የደበቀው የለም በጓዳ።

ትናንት ባለቤቱ ኦኖ ሰማኝ፣ አዘነልኝ፤
«ይህ ሰው ደረቱን ታሟል» ብሎ ወጥቶ ሻይ አመጣልኝ፤
የሱቅ ሻይ፣ በወረቀት ከረጢት፣ ክሩ የተንጠለጠለ።
ፉት አልኩ።
ታልኬ ከትከሻው ኋላ ቅንድቧን ሰቀለች፦ ምን አለ?

ለዚህኛው የሚሆን ሳል
አልነበረንም።