ከኋላ ወንበር

ሰኔ የገባ ለት ድምፅ ጀመረች ባጃጄ፣
ከኋላ፣ በግራ፤
አጂፕን ተሻግሬ
ቁልቁል ስታጠፍ ወደ መርካቶ ተራ።
ቋ! አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ጭጭ፣ ዝምታ፤
በር መትቶ እንደሚሮጥ የሰፈር ልጅ ማታ።

«አሞርዛተር ነው» አለኝ ተራ አስከባሪው፤
ምክሩ በነፃ ነው፣ ዕቃው ነው አክሳሪው።
ቀየርኩት። የደረሰኝ እቁብ አለቀበት።
አንድ ቀን ደህና ዋልኩ፤ በማግሥቱ ጠዋት
ቆጪ መውጫው ላይ፣ ቋ! ያው ድምፅ፣ ያው ንቀት።
ቦካላው ነው አሉኝ፤ ቦካላ ቀየርኩኝ።
ዳዶው ላልቷል አሉኝ፤ ቺያቤ ተዋስኩኝ።
ግራሶ፣ ሮንዴላ፣ የጎማውን ንፋስ...
አክስቴ ዘሙ ደግሞ፦ «ዓይን ነው፤ ዱዓ ይድረስ!»

በመጨረሻ ሄድኩ አዌቱ ዳር ካለው
ከሙዘይን ጋራዥ፤
ጣሪያው አሮጌ ሸራ፣ ግድግዳው ዝናብ ነው።
ሙዘይን አይቸኩልም።
በክሪክ አነሣት፣ ከሥሯ ተንጋሎ
በስልኩ መብራት አየ፣ ሞላውን ጨበጠ፣
የጎማውን ክንድ በመዶሻ ቀስ አድርጎ መታ፣
እንደ ሕፃን ደረት ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ።
«እዚህ ስትሰቀል ምንም አላመማት።
ግባ፣ ከኋላ ሁን። ዛሬ እኔ ልንዳት።»

ሳቅሁ።
ስድስት ዓመት ሙሉ ጅማን ስዞርባት፣
በላስቲክ ስሸፍን፣ በጨርቅ ስወለውላት፣
ያን ወንበር አጥቤው እንጂ ተቀምጬበት አላውቅም።
«በግራ በኩል» አለ። «ክብደትህን ጣልባት።»

በጅሬን መንገድ፣ በኮብልስቶኑ ላይ
ብዙም ሳንርቅ ገና
ጥርሴ ከጥርሴ ጋር መጣላት ጀመረ፤
የጣሪያው ብረት ግንባሬን ሳመኝ።
ቋ!
ፊት ሆኜ ስነዳ «ድምፅ» የምለው ነገር
እዚህ ዱላ ነበረ።

ያቺ ሴትዮ ትዝ አለችኝ፣ ከሰቃ የመጣች፣
ምጧ የገፋ፣ የሻርፗን ጫፍ ነክሳ።
«አይዞሽ፣ ደረስን» ብዬ ቴፑን ከፍ አደረግኩት።
ለእሷ ብዬ ይመስለኝ ነበር።
አባ ፊጣም ዘወትር፣ ከወረዱ በኋላ፣
ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ ጥቂት፤
እርጅና ነው ብዬ
መልሳቸውን ቆጥሬ እሄድ ነበር።

ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመ። «እንዳትወርድ!» አለኝ፤
ጭቃው ላይ ተኛ፣ በጀርባው፣ በዝናብ።
«አገኘኋት፣ ሌባ!
ብየዳው ሥር ናት፣ ፀጉር የምታህል።
ስትጫን ትከፈታለች፣ ስትነሣ ትገጥማለች።
ባዶዋን መርምረህ ዕድሜህን አታገኛት።»

በየዳት። ሰማያዊው ብልጭታ ሸራውን አበራው።
አሮጌው አሞርዛተር ከወንበሩ ሥር ነበር፤
አውጥቼ ሰጠሁት። ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን አደረገው።
«ደህና ነበር» አለ። አልሳቀም።
«ስንት ልክፈል?» ስለው ግን
ፊቱን በክንዱ ጠርጎ፦ «የብየዳውን ትከፍላለህ፤
ታሪፉንም ደግሞ። ተሳፋሪ ነበርክ።»

ማታ ከኪቶ ግቢ አንዲት ልጅ ተሳፈረች፣
ደብተሯን ከዝናብ በጃኬቷ ሸሽጋ።
አጂፕ ጋ ስታጠፍ ፍጥነቴን ቀነስኩኝ፣
ጉድጓዷን ዞርኳትና
በመስታወቱ አየኋት፦
«ከኋላ እንዴት ነው?»
ስልኳን ዝቅ አደረገች።
«ምኑ?»